ሁለት ዓይን ያለው ሌባ

«ወንድሜ፣ ‹የእህቴን ልጅ ለሌባ ልጅ አልሰጥም› ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው» አለችኝ።

የጎረስኩትን ፉል ሳላላምጥ ዋጥኩት። ይህን የነገረችኝ ሴት አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንተይብ የኖርን፣ ጡረታም ተከታትለን የወጣን፣ የጀጎል፣ የሐረር ግንብ ውስጥ፣ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በልጇ ጉዳይ ቃሉ የሚሰማው የእናቷ የመጨረሻ ልጅ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጅቷን የጠየቀው ደግሞ የኔ የድሮ ጓደኛ አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በመሃል ሆኜ መንገዱን የጠረግሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም «አይዞህ፣ አለቀ ደቀቀ በለው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር።

«ማነው ሌባ?» አልኳት።

«አባትየው።»

«የቱ አባትየው?»

«አቦ አታድክሚኝ! ልጁ ስንት አባት አለው?»

«ጡንቻው?!» ብዬ ስጮህ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ እንኳን ተጮሆ፣ ተንሾካሽከውም ወሬ አይደበቅም። ጓደኛዬ በሻሿ አፏን ሸፍና «ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም።

ጡንቻው ስሙ አይደለም። ስሙን ልተወው፤ የማንኛችንንም ስም አላነሳም። ጡንቻው ያሰኘው ሥዕል ነው።

ደርግ ወድቆ አገሩ ገና መልኩን ሲፈልግ በነበረበት ጊዜ እኛ አራት ጓደኛሞች ነበርን። አንደኛው የሥዕል መምህር ነው፤ አባቱ ከሰሜን የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሁለተኛው ጡንቻው፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር፣ ሶላቱን የማያስታጉል፣ ክንዱ ከኔ ጭን የሚወፍር ሰው። ሦስተኛዋ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪናዋን ዘርግታ የምትሰፋ የጀጎል ልጅ። አራተኛዋ እኔ፣ ታይፒስቷ፣ አያት ቅድመ አያቴ እዚሁ ሐረር ከተማ የተቀበሩ፣ ምላሴ የማያርፍ።

ፈረስ መጋላ ላይ ውጭው ግድግዳ ላይ መስታወት ያለው ሰሌዳ የሰቀለ ሻይ ቤት ነበር። ሠዓሊያችን ባለቤቱን አስፈቅዶ በየሳምንቱ ስድስት ሥዕል በአንድ ረድፍ ይለጥፍበት ጀመር። ሥዕሎቹ የኛን ጀብዱ የሚያሳዩ ነበሩ። ጡንቻው መኪና በአንድ እጁ ያነሳል። ሰፊዋ መርፌዋን እንደ ጦር ትወረውራለች። ሠዓሊው ራሱ ጥላ ሆኖ በግንቡ ስንጥቅ ይሾልካል። እኔ በነጠላዬ እበራለሁ። በራሪዋ! ዛሬ ደረጃ ለመውጣት የሰው ክንድ የምይዘው ሴትዮ ማለት ነው።

የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲሆን ሰፊዋ የሰፋችልንን የሳቲን ካባ ደርበን በአደባባዩ እናልፋለን። ያኔ የነበረንን ዝና ለዛሬ ልጅ ብናገር አያምነኝም። ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ምነው በራሪዋ፣ በረው አይሄዱም?» ይለኛል። ጀጎል ውስጥ ያሉ ሕፃናትማ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እየጮኹ ይበተኑ ነበር። ክብር ይሉታል ይሄ ነው እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ።

ሥዕሎቹ አንድም ፊደል አልነበራቸውም። ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ምን በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ነገር ሰው ያኮራርፍ ነበር። «በአማርኛ ብጽፍበት አንዱ ያኮርፋል፤ በኦሮምኛ ብጽፍ ሌላው፤ በሐረሪ ብጽፍ እኔው ራሴ አላነበውም» ይል ነበር። «ሥዕል ግን የሁሉም ነው፤ ያልገባው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።» ደጉንና ክፉውን መለያም ከአባቱ የወረሰው ዘዴ ነበረው። አባቱ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ነበር የሚሥሉት። እሱም እኛን ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናችንን አፍጥጠን፣ ሌቦቹን ደግሞ በጎን አድርጎ ይሥላል። «ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?» ይላል። እኛም እውነት ነው እንለው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሁሉ ነገር ፈረሰ። ጡንቻው ግንባሩ ተፈንክቶ ቤቴ መጣ። ምን ሆንክ ስለው «ብረት ስናነሳ ወደቀብኝ» አለ። ካባውን ወንበር ላይ ወረወረና «እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር ሁለተኛ አንድ ግድግዳ ላይ አልለጠፍም» ብሎኝ ወጣ። ያ ሰውዬ ማለት ሠዓሊው ነው። ሠዓሊው ምን እንዳደረገው ቢጨንቀው ደጋግሞ ደጁ ሄደ፤ አልተከፈተለትም። እኔም ጡንቻውን ብጠይቀው ወሬ ይለውጥብኛል። ያለ ጡንቻው ሥዕሉም ጣዕም አጣ። ሰፊዋ አግብታ ድሬዳዋ ወረደች፤ ሰሌዳው ተነቀለ፤ ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ነው።

ሠዓሊው የሞተው ይህ የሽምግልና ነገር ከመነሳቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጡንቻው ቀብሩ ላይ አልመጣም። ሰው ጥርሱን ነክሶም ቢሆን ቀብር ይሄዳል! እኔ ይህን ይቅር አላልኩትም ነበር። ቢሆንም ሚስቱም ሞታ፣ ስኳሩ እግሩን ይዞት፣ የቀረው ነገር ቢኖር ያን ልጁን ድሮ ማየት ብቻ መሆኑን ስለማውቅ የልጁን ጉዳይ ይዤ ጀጎል ወጣ ገባ አልኩ። መጨረሻው «ሌባ» ሆኖ አረፈው።

ከቁርስ ቤቱ በቀጥታ ወደሱ ቤት ሄድኩ። ልጁ አልጋ ላይ ሻንጣ ከፍቶ ልብስ ያጣጥፋል። «የአባቴ ስም እንዲህ በሚነሳበት ከተማ አልኖርም፤ አዲስ አበባ ሥራ እፈልጋለሁ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ጡንቻው ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። እነዚያ ክንዶች ሟሽሸው እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል።

«ሰማሽ አይደል» አለኝ። «ያ ስም እስከ ልጄ ድረስ መጣ።»

«የትኛው ስም? አንተን ሌባ ያለህ ሰው ነበር እንዴ?»

«ጀጎል ውስጥ ልጆች በሙሉ! ሳልፍ ‹ሌባ ሌባ› ይሉኛል። ይህን ግንባሬን ብረት አይደለም የፈነከተኝ። በጀጎሉ ኤረር በር ላይ በድንጋይ ነው የመቱኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልፌ አላውቅም፤ ገበያም ስሄድ ዞሬ ነው።»

እንዴ! ይህን ሁሉ ዓመት! ተቀምጬ ከነበርኩበት ተነሳሁ። «ታዲያ ከሠዓሊው ጋር ምን አገናኘው?»

«ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ኳሶች ጠፍተው ነበር። ቁልፉ እኔና እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው። በሳምንቱ ልጆቹ ሌባ ይሉኝ ጀመር። ከሱ በቀር ማን ያወራብኛል?»

«ጠየቅኸው?»

«ምን ብዬ? ‹ሌባ ብለኸኛል ወይ› ብዬ?»

ሠዓሊው ያንን ደጅ ሲያንኳኳ የነበረው ታየኝ። ግን እኔም ልቤ መሃል ላይ ቀረ፤ ማን ያውቃል፣ ጡንቻው በእርግጥ ሰርቆ ቢሆንስ? ለራሴ እንዲህ ማሰቤ ራሱ አስደነገጠኝ። ልጁን «ሻንጣውን ዝጋው፤ እስክመለስ ድረስ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬ ወጣሁ።

የጓደኛዬ ወንድም አርባን የተጠጋ፣ ቁጥብ፣ ትሑት ሰው ነው። ነደባ በሚሉት ቀይ ቀለም በተቀባው የቤታቸው መደብ ላይ ምንጣፍና ትራስ አደላድሎ አስቀመጠኝ። «እናቴ፣ እርስዎን እናከብራለን፤ ይህ ነገር ግን ይቅር» አለኝ።

«ሰውየው ሲሰርቅ አይተኸዋል?» አልኩት። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልጨረስኩም።

«አይቻለሁ። በዓይኔ።»

«ምን ሲሰርቅ?»

«ጆንያ። ካንዲት አሮጊት። ወላሂ፣ ፊቷ እስካሁን ድረስ አይጠፋኝም።»

«የት ነው ይሄ የሆነው?»

«እዚሁ ፈረስ መጋላ ነው ያየሁት። ልጅ ነበርኩ።»

አለቀ፣ እውነት ነው አልኩ በልቤ። «ያን ያህል ሰው ባለበት እንዴት ዝም ተባለ?»

«ማን ይናገረዋል?» አለና አቀረቀረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም ነበሩ።»

«እኔ?!»

«ነበሩ። ከላይ ሆነው ያዩት ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም።»

«ከላይ ከየት? ከፎቅ?»

ሰውየው አፈረ። ጆሮውን አሸት አሸት አድርጎ «ከሰማይ» አለኝ።

ከሰማይ! አንድ አፍታ እሱ አበደ ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት እያልኩ አፈጠጥኩበት። ከዚያ ገባኝ። «የግድግዳውን ሥዕል ነው እንዴ የምታወራኝ?»

«ታዲያ ምኑን? እናንተው አይደላችሁ ያጋለጣችሁት? ጓደኛችሁ ስለሆነ በአፋችሁ መናገር ቢከብዳችሁ ሥላችሁ ለጠፋችሁት። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ‹ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፣ የራሳቸውን ሰው እንኳ አልሸፋፈኑም› ይል ነበር።»

«ጆንያውን ሲመልስላት ነው እኮ የተሣለው!»

«ኧረ ሲወስድባት ነው።»

«ሲመልስ!»

«ሲወስድ!»

ጓደኛዬ፣ እህቱ፣ ሻይ ይዛ ገብታ በሁለታችን መሃል ቆማ ቀረች። ያ ሥዕል ትዝ ይለኛል፤ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ እርሳስ እቀርጽለት ነበር። ሁለት ሌቦች የአሮጊት እህል በአህያ ጭነው ሲሄዱ፤ ጡንቻው ሲያገኛቸው፤ ጆንያውን ሲሸከም፤ በኤረር በር ሲገባ፤ ባዶ እጇን ተቀምጣ የምታለቅሰው አሮጊት ደጃፍ ሲደርስ፤ በመጨረሻ አሮጊቷ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ። ከሁሉም በላይ እኔ በነጠላዬ እበራለሁ።

«እስቲ ተነስና ከመጀመሪያ አንስተህ አሳየኝ» አልኩት።

ተነሳ። ሳህኖችና ሰፌዶች ከተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ቆመ። ጣቱን አነሳ፤ በስተቀኝ በኩል ጫፉ ላይ ያለው ሳህን ላይ አሳረፈው። «እዚህ ላይ አሮጊቷ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ደስ ብሏታል።» ጣቱ ወደ ግራ ሄደ። «እዚህ ሰውየው መጣ፤ ጆንያው ትከሻው ላይ ነው፤ እሷ ባዶ እጇን ታለቅሳለች።» ወደ ግራ። «እዚህ በኤረር በር ይወጣል።» ወደ ግራ። «እዚህ ተሸክሞ ይሄዳል። እዚህ ጋ ተባባሪዎቹን ያገኛል፤ በአንድ ዓይናቸው ይጠቅሱታል። መጨረሻ ላይ እነሱ በአህያ ጭነው ወሰዱት።»

ትራሱን ገፍቼ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

«ለምን ከዚያ በኩል ጀመርክ?» አልኩት።

«ከየት ልጀምር? ቁርኣን ቤት የእንጨት ሰሌዳችን ላይ ከቀኝ ነው የምንጀምረው። ያኔ ያን እንጂ ሌላ ንባብ መች እናውቅ ነበር? ፊደል ቢኖርበት እኮ ወይ አናነበውም ወይ...» ብሎ ሳይጨርሰው ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጣቱን በግራ በኩል ጫፍ ያለው ሳህን ላይ መልሶ፣ አንድ በአንድ፣ በከንፈሩ ብቻ እያነበበ ወደ ቀኝ መጣ። አሮጊቷ ጋ ሲደርስ «አስተግፊሩላህ» አለ። ደገመው። «ድንጋይ የወረወርነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት።»

እህቱ የያዘችውን ትሪ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። «ቆይ ቆይ» አልኩት፤ «እኔስ? ጉድጓድ የገባውን ሕፃን በነጠላዬ ያወጣሁበት?»

ወደ እህቱ ዞሮ ሲያይ ገባኝ።

«በል ተናገረው!»

«እርስዎማ... ደህና የተቀመጠውን ልጅ ወስደው ጉድጓድ ውስጥ የከተቱት መስሎን ነው። በዚያ ምክንያት ስናይዎት እንሮጥ ነበር።»

በስመ አብ ወወልድ! ያ ሁሉ አንገቴን ቀና ያደረግሁበት ክብር! ለእህቶቼ ልጆች ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ «ልጆች እኔን ሲያዩ እንዴት እንደሚሆኑ ብታዩ» እያልኩ። የከተማው እኩሌታ፣ ሕፃን ጉድጓድ የምትከት ጭራቅ አድርጎ ሲያየኝ ኖሯል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ጓደኛዬም ሳቀች፤ ከዚያ ሳላውቀው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። አንድ ፊደል፣ አንድ ቀስት እንኳ ቢያደርግበት ምን ነበረበት? ማንም እንዳይከፋ ብሎ ፊደል የተወ ሰው!

የልጅቷ አጎት ጫማውን ለማጥለቅ እንኳ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ተረከዙን ረግጦት ነው የወጣው። ጡንቻው ደጅ ስንደርስ አጎትየው አልተቀመጠም። የሰውየው ጉልበት ላይ ተደፍቶ «አውፍ ይበሉኝ አባቴ» አለው። ጡንቻው ደንግጦ ሊያነሳው ይታገላል፤ ልጁ ደግሞ ከነሻንጣው በር ላይ ቆሟል። ነገሩን እኔ ነኝ ያስረዳሁት፤ ጣቴን ግድግዳው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለስኩ።

ጡንቻው መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። ከዚያ መዳፉን ግንባሩ ላይ፣ ያ ጠባሳው ላይ አሳረፈ። «እኔ ራሴ!» አለ። «እኔ ራሴ ከቀኝ እየጻፍኩ ያደግሁ ሰው! ወሎ፣ አባቴ እግር ሥር! እንዴት አልታየኝም?»

«ሽማግሌ አያስፈልግም» አለው አጎትየው። «ልጅቷ የናንተ ናት። ከፈለጉ ዛሬውኑ ቤታችን ይምጡ።» ልጁ ሻንጣውን መሬት ላይ ለቀቀው። እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ የጡንቻውን ፊት ሳይ ዋጥኩት። የደስታ ፊት አልነበረም።

«የኳሶቹን ነገር እሱ አላወራም ማለት ነው» አለኝ።

«ስለ ኳስ ማን አወራ? ስለ ኳሱ ዛሬ ካንተ ሰማሁ።»

«ደጄን ሲያንኳኳ ውስጥ ነበርኩ። ‹ምን አድርጌህ ነው› ይለኝ ነበር። ድምፁን እሰማ ነበር።» ጫማውን በእግሩ እየፈለገ «የት ነው የተቀበረው?» አለ።

አልጠበቀም። ካፖርቱን እንዳጠለቀ ተነሳ። እኔ አንዱን ክንዱን፣ አጎትየው ሌላውን ይዘን ወጣን። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በኤረር በር በኩል ያቋርጣል። በሩ ጋ ስንደርስ እግሩ ያዝ አደረገው። አጎትየው ምንም ሳይናገር ከፊቱ ቀድሞ ገባ፤ ጡንቻው ተከተለው። አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። በዚያ በር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

መቃብሩ ሐኪም ጋራን ፊት ለፊት ያያል። ጡንቻው ኮፍያውን አወለቀ። ምን እንደሚባል የቸገረው ይመስል ነበር፤ የኛን ጸሎት አያውቅም፣ የሱን ደግሞ እዚያ ማለት ይገባ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ድንጋዩን በመዳፉ ጠረገው። አቧራ አልነበረበትም።

«አንተ ሰውዬ» አለው። «ከቀኝ ነው ያነበቡን።»

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆየ። ከዚያ «ከቀኝ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረም» ብሎ ደገመለት፣ ጮክ አድርጎ፣ ተኝቶ እንደሆነ እንዲሰማው።